እናቴ ጉማሬዋን ያየች ዕለት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን የመስኖ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ የቤንዚኑና የረጠበው ሣር ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮት ገባ። ልቤ ሳላስበው ከእናቴ ጋር ወደ ተሳፈርኩበት ጀልባ ሄደ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ክረምት እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ክርስትና ሳይነሳ ሌሊት ሞተባት። ገና ሳይነጋ አጎቴ በነጠላ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበረው። ለቅሶ አልተቀመጥንም። «ለጨቅላ አይለቀስም፤ ሌላ ይሰጥሻል» አሏት ሴቶቹ። እሷም አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ግን ካልጠየቋት በቀር የምትናገረው ነገር አልነበረም።

አጎቴ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር በአይሱዙ እህል ያመላልስ ነበርና፣ ኅዳር ላይ «እትዬ፣ ጉማሬ ላሳይሽ፤ ትንሽ አየር ትለውጫለሽ» ብሎ ለመናት። እኔንም አስከተሉኝ።

ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ረግረግ ላይ ጀልባ ተከራየን። ደንገሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ጀልባዋ በአጠገቡ ስታልፍ ነጫጭ ወፎች ከውስጡ ብር ይላሉ። አጎቴ እየጠቆመ ያሳያታል። «አየሁ» ትለዋለች፤ ዓይኗ ግን እጇ ላይ ነበር።

ድንገት ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ፊት ለፊታችን አንዲት ጉማሬ በአፍንጫዋ የሆነ ነገር ወደ ላይ ትገፋለች። ሲሰምጥ ተከትላው ትጠልቃለች፤ መልሳ ታወጣዋለች። የሞተ ግልገሏ ነበር። ሽታው እኛ ድረስ መጣ።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንዲህ ናት» አለ ነጂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓሣ አጥማጆቹንም አላስጠጋ ብላለች። እንመለስ።»

እናቴ ብድግ አለች። ጀልባዋ ተንገዳገደች። ጉማሬዋ አፏን ከፍታ ወደ እኛ ዞረች። እኔ ጠርዙን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ትገለብጠናለች» አለ ነጂው።

አልሰማችውም። ወደ አጎቴ ዞራ፣ «ይኸው፣ እሷ እስካሁን ይዛዋለች» አለችው። «እኔን እኮ እስኪነጋ እንኳ አላስያዛችሁኝም።»

የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ የጀልባዋ ወለል ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነጂው ሞተሩን ሳያስነሳ፣ በመቅዘፊያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ አራቀን።

ዳር ስንወጣ አጎቴ፣ «ላንቺው ብዬ ነበር፣ እትዬ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

በመልስ ጉዟችን ዱርቤቴን ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ስም ይዤለት ነበር» አለችኝ። ስሙንም ነገረችኝ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ያን ስም አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዳንዴ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ ድምፄን አውጥቼ እጠራዋለሁ።