እትየ ሸጌ እና የአዲሱ መንደር ጎርፍ

በ1978 ዓ.ም. ከገነተ ማርያም በላይ ባለ አንድ ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ ነበርሁ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ መንደር ይሰባሰብ ተብሎ ስለታዘዘ፣ ስድሳ ቤት የሚሠራበትን ቦታ ገመድ ዘርግቼ ችካል የተከልሁት እኔ ነኝ። ቦታው ከገደል ሥር ያለ ለጥ ያለ መሬት ነው።

ግንቦት ላይ ግድግዳው እየቆመ ሳለ እትየ ሸጌ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወደ እኔ መጣች።

«ምስጋኑ፣ ይህ እኮ የውኃ መንገድ ነው» አለችኝ።

«አምና ክረምት እዚሁ ነበርሁ፤ ጎርፍ አላየሁም።»

«አምና ካፊያ ነው የጣለው። ደህናውን ክረምት የት አየኸውና?» ጎንበስ ብላ መሬቱን በመቆፈሪያ ጫር ጫር አደረገችው። ከአፈሩ ሥር የተድበለበለ ጠጠር ወጣ። «ይህን ማን ያመጣው ይመስልሃል?»

በሌላም ቦታ ቆፈርሁ፤ ያው ጠጠር ነው። አፈርሁ። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለጋሽ አረጋ ብነግራቸው፣ «ከአውራጃ የጸደቀ ነገር በእኔና በአንተ አይነሳም» አሉኝ። የቀረን ከመንደሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ብቻ ነበር።

እትየ ሸጌ ገመዱን ይዛልኝ ቁልቁለቱን እየለካን ሄድን። ውኃው የሚጣለው በስተምሥራቅ ካለው ቦረቦር ነው። መካከል ላይ ከአንዲት ወይራ ሥር የድንጋይ ክምር ደረስን። ገመዱን ለቀቀችው።

«እዚህ አልጣሽ አለች» አለች።

አልጣሽ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጇ ነበረች። በሰባ ሰባቱ ረኀብ ስትሞት ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሸከማት ሰው ጠፍቶ እዚያው ቀበረቻት።

«መስመሩን ላዙረው?» አልኋት።

«ብታዞረውስ ውኃው ይሄዳል?»

ልዋሻት አልቻልሁም። «አይሄድም። ከላይ ዓለት ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ መንደሩ ላይ ይወርዳል።»

ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ የነፍስ አባቷን ቄስ ምናለን ልትጠራ ሄደች።

ቄስ ምናለ ፍትሐት አድርሰው ድንጋዩ ተነሣ። አፅሙን ራሷ ለቅማ በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ልጅ እንደሚታዘል አዝላውም ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ጀመረች። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ድንጋዩን ያነሡት ወንዶች እንቀበልሽ ቢሏት፣ «ያን ጊዜ አቅም አጥቼ ነው፤ ዛሬ ይቻለኛል» ብላ እንቢ አለች። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ እያለቀሰ ተከተለን።

በማግሥቱ መቆፈሪያዋን ይዛ መጣች። ከኋላዋ አርባ የሚሆን ሰው መጣ፤ ጋሽ አረጋም አካፋ አነሡ። በአሥራ ሁለት ቀን ቦዩን ጨርሰን የታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ ካብን።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ገደሉ ጮኸ። ድፍርሱ ውኃ ቦዩን ሞልቶ ወደ ቦረቦሩ ሲሄድ ቆመን አየን። አንድ ጥምዝ ላይ ግን ካቡ ተናደና ዳር ያሉ ሁለት ቤቶች ፈረሱ። አንዲት ላም ሞተች፤ ሰው አልተጎዳም። እትየ ሸጌ ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ የተናደውን ካብ አየችና፣ «እዚህ ላይ ካቡን አቅጥነን ሠርተነዋል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች።

ካቡን መልሰን ክበን ስንቀመጥ፣ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋት። «መቃብሩን ስላስነሣሁሽ ታዝኝብኛለሽ?»

«ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኋት። ሁለተኛው ባሰብኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ግን አሁን ሰው አለቀሰላት። ያን ጊዜ ለሰው የሚተርፍ እንባ ያለው አልነበረም» አለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ መንግሥት በጦርነቱ ተሸንፎ ከአካባቢው ሲወጣ እኔም አብሬ ወጣሁ። ሰዉ መንደሩን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። እትየ ሸጌም የጣሪያዋን እንጨት ተሸክማ ድሮ ትኖርበት ወደነበረው ኮረብታ እንደወጣች ሰማሁ።