የእናትነሽ ቀይ ጨርቅ

እናትነሽን እንደ አንድ ጥያቄ የሚያናድዳት ነገር የለም፦ «ብቻሽን?»

ቅዳሜ በጠዋት ቡራዩ ከተከራየችው ቤት ጀሪካኗንና ቡታጋዟን ይዛ ስትወጣ አከራይዋ በር ላይ ትይዛታለች። «ብቻሽን ነው እንዴ?» ማደያው ላይ ነዳጅ ቀጂው አንገቱን አስግጎ፣ ወንበሩ ተነቅሎ ፍራሽ የተነጠፈበትን ሚኒባስ ያይና «እትዬ፣ ብቻሽን?» ይላታል። አንዴ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟት መንጃ ፈቃዷን ሳያይ «ባልሽስ?» ቢላት፣ «ወንበሩ ስር ነው፤ ጎንበስ ብለህ እየው» ብላው እርፍ።

ሰው መልስ ሲያጣ ደግሞ ራሱ ይመልሳል። ጸበል ነው የምትሄደው። ለቅሶ ነው። ስለት አለባት። አንዷ ጎረቤት እንዲያውም «ሳይነካት አይቀርም» ብላ ለእህቷ ለሜሪ ሹክ ብላለች። በዚህ አገር ሴት ልጅ ብቻዋን ተራራ ለመውጣት ወይ መታመም ወይ ሰው መቅበር አለባት። ኧረ በስመአብ! ሰው በገዛ እግሩ ለመሄድም ምክንያት ይጠየቃል?

እናትነሽ ያደገችው መሀል አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከወንድምና እህቶቿ ጋር ተደራርባ ነው። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው የግቢውን በር በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ምንድነው ብላ እናቷ ብትጠይቅ፣ ቀና ብሎ ያያት እንኳ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ግሬደር ነው። እናቷ ድስቶቿን በአንሶላ ቋጥራ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ፣ ቤቷ ሲፈርስ ፊቷን አዙራ አላየችም። ከዚያ ቡራዩ ኪራይ ቤት ገቡ፤ እናትነሽም እዚያው ወንዳፍራሽ የሚባል የታክሲ ሾፌር አገባች። አማቷና የባሏ እህቶች አንድ ግቢ ነበሩ። ማዕድ ቤት ስትገባ ይከተሏታል፣ ሱቅ ልሂድ ብትል አብረው ይወጣሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ከኖረች በኋላ ወንዳፍራሽ ሌላ ሴት ወዶ ሄደ። ፍርድ ቤቱ አሮጌዋን ሚኒባስ ለእሷ ወሰነላት።

ዘመድ ሁሉ በአንድ አፍ «ሾፌር ቅጠሪና ታክሲ ትሥራ» አላት። ሜሪ ግን አንድ ቀን ልታስቃት ብላ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አሳየቻት፤ አንዲት ፈረንጅ መኪናዋ ውስጥ እያደረች ተራራ ለተራራ ብቻዋን ትዞራለች። ሜሪ ሳቀች። እናትነሽ አልሳቀችም። በማግስቱ የሚኒባሷን ወንበር አስነቀለች።

የምትሄደው ወደ ሱሉልታ ነው። አስፋልቱን ትታ፣ በኮረኮንቹ ገባ ብላ፣ ኦቦ ነገዎ የሚባሉ ሽማግሌ አጥር ጥግ ታቆማለች። መጀመሪያ ቀን ፈቃድ ስትጠይቃቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ውሻ ትፈሪያለሽ?» «አልፈራም፣ አባባ።» «እንግዲያው እዚህ እደሪ» አሏት። «ብቻሽን?» አላሉም። በዚህ ምክንያት ብቻ እንደ አባቷ ወደደቻቸው። ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረች ይጠይቋታል፣ «ነጋ»፣ ሰላም ነኝ፣ ትላቸዋለች፤ እርጎ ይሰጧታል፣ እሷም ከቡራዩ ዳቦ ታመጣላቸዋለች።

ከዚያ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ዱላዋን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። የሰፈሩ ጎረምሶች የት ትሄጃለሽ ሲሏት «ዝም ብዬ ነው» ትላቸዋለች። እየሄደች ትሳደባለች። አዎ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ! ወንዳፍራሽን ትሰድባለች፣ አማቷን ትሰድባለች፣ ቀይ ቀለም ይዘው የመጡትን ሰዎች ከነዘር ማንዘራቸው ትሰድባለች። ባህር ዛፉ ይሰማታል እንጂ አይመልስላትም። ገደሉ አፋፍ ስትደርስ ስድቡ ያልቅባትና ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ወይም ዝም ብላ ቆሎዋን ትበላለች። ስትመለስ ትከሻዋ ይቀላታል። ለሰው ብታስረዳው ማን ይገባዋል?

አንድ ቅዳሜ ጉም ወርዶ መንገድ ጠፋባት። እስኪመሽ ተንከራታ በስንት መከራ ወጣች። በሚቀጥለው ስትመጣ ብልሃት አበጀች። የሚኒባሷን ቀይ መጋረጃ በረጅም በረጅሙ ቀደደችና ባለፈችበት ሁሉ አንዷን ከዛፍ፣ አንዷን ከአጥር እንጨት፣ አንዷን ከድንበር ድንጋይ ላይ እያሰረች ሄደች። ስልኳም የሄደችበትን እየተከተለ ካርታ ላይ መስመር ያሰምርላታል። እሰይ፣ ከእንግዲህ ብጠፋ! አለች።

ወሩ ግን ህዳር ነበር፣ ሁለት ሺህ ስምንት። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር አገሩን እሳት ላይ አስቀምጦታል። አዲስ አበባ ሊሰፋ ነው፣ ሱሉልታም ሰበታም ቡራዩም ሊዋጥ ነው ተብሎ ተማሪው ወጥቷል፣ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ የተተኮሰበት ልጅ ለቅሶ ላይ ሌላ ልጅ ይተኮስበታል። እናትነሽ ይሄን ሁሉ ትሰማለች። ከእሷና ከተራራዋ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላሰበችም።

ጨርቁን ባሰረች በሳምንቱ፣ እሁድ ረፋድ ከተራራው ስትወርድ ሚኒባሷ በሰው ተከባለች። ጎረምሶች ናቸው፤ አንዱ ቀይ ጨርቆቿን በእጁ ጠቅልሎ ይዟል።

«ቀያሿ መጣች!» አለ።

«የምን ቀያሽ?»

ስልኳንና የመኪናዋን ቁልፍ ከእጇ መነተፈ። ካርታው ተከፍቷል፤ መስመሩ የኦቦ ነገዎን ማሳና የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ዞሮ ዞሮ መጥቶ ገጥሟል። «ይኸው ልካዋለች!» ብሎ ለጓደኞቹ አሳየ። «ባርኔጣው፣ ዱላው፣ ካርታው! የት ትሄጃለሽ ስንልሽ ዝም ብዬ ነው ስትይ የከረምሽው ለዚህ ነው? ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አለ?»

«ሃ ጉበቱ!» አለ ሌላው። ይቃጠል ማለቱ እንደሆነ የሚያስተረጉማት አላስፈለጋትም፤ ቤንዚን የያዘውን የውሃ ኮዳ አይታዋለች። ያቺ ሚኒባስ ከሄደች በዚህ ዓለም ላይ የራሷ የምትለውን በር ከውስጥ የምትዘጋበት ቦታ የላትም።

ያን ጊዜ ቁጣዋ አናቷ ላይ ወጣ። ፍርሃት የት እንደገባ እሷም አታውቅ።

«እኔን?» ብላ ጮኸች። «እኔን ነው ቀያሽ የምትሉኝ? የእናቴ በር ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ሳይጠይቁን ቤታችንን በላያችን ያፈረሱብኝን እኔን? ዓይናችሁ ላፈር! አቃጥሉዋ! ወንድ ከሆናችሁ እኔንም ጨምሩኝ!»

ኦቦ ነገዎ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ። ከጎረምሳው እጅ አንዷን ጨርቅና ቁልፉን ወሰዱና ሚኒባሷን ከፍተው፣ የተቀደደው መጋረጃ ላይ ለጠፏት። ልክ ገጠመች። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ከኋላ ያሉት ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ከዚያ ለእሷ በአማርኛ ደገሙት፤ «የመንግሥት ሰው የራሱን መጋረጃ አይቀድም።»

እናትነሽ ተመስገን ብላ ሳትጨርስ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አይደል? አሁን በአፍሽ ነገርሽን» አሏት። «የልጆቼን ማሳ ዳር በቀይ ጨርቅ ስታስሪ ማንን ጠየቅሽ? ሚስቴ እኮ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። መጡብን ብላ።»

«እንዳልጠፋ ብዬ ነው» አለች፤ ለራሷም አልጣማትም። ለአንድ ቀን ጉም ብላ የሰው ሚስት ጾም አሳድራለች። እናቷን ቀና ብለው ካላዩት ሰዎች በምን ተሻለች? ሰው ለምን ይጠይቀኛል እያለች ስትነድ፣ እሷ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

ቁልፏን እንኳ ሳትጠይቅ ሽቅብ ተመልሳ ወጣች። የቀሩትን ጨርቆች አንድ በአንድ ፈታች። በጎረምሶቹ ተናዳለች፣ በሽማግሌው ተናዳለች፣ በራሷማ አይነገርም፤ ቋጠሮ እምቢ ሲላት በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ስትወርድ ጨርቁን ሁሉ ኦቦ ነገዎ እግር ስር አስቀመጠች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለች። ስልኳንና ቁልፏን ሰጧት። እርጎ ግን አልሰጧትም።

ሳምንቱን እንደምንም አለፈችው። ሜሪ «እግርሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ፣ ሊገድሉሽ ነበር እኮ!» ብላ ለመነቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዳቦዋን ገዝታ ሄደች፤ ለመውጣት ሳይሆን ሚስትየዋን እንኳ ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ነው።

ኦቦ ነገዎ ማሳቸው ዳር ለብቻቸው ቆመዋል። ከእግራቸው አጠገብ ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት መሬት ውስጥ ተቀርቅሯል። ወደዚያ ሌላ አለ፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ፤ እስከ ባህር ዛፉ ድረስ።

እናትነሽ ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች። «አባባ፣ ወላሂ… በእናቴ ሞት፣ እኔ አይደለሁም!»

«አውቃለሁ» አሉ ብረቱን እያዩ። «ያንቺ በእጅ ይፈታ ነበር።»

ዳቦውን አጥሩ ላይ አንጠለጠለችው። ወደ ሚኒባሷ ሄዳ የክሪኩን ብረት አምጥታ፣ ከችካሉ ስር ያለውን አፈር ትወጋ ጀመር። ደረቅ ነው፣ እሺ አይልም። እሷ ደግሞ እንደ ተራራው ላይ መሳደብ ጀመረች፤ ስድቡም እንደ ድሮው ለወንዳፍራሽ አይደለም። ካዩሽ ያስሩሻል የሚለው ሐሳብ መጥቶባታል፣ ይምጡ ብላለች። ችካሉን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ብቻሽን?» አሏት ኦቦ ነገዎ።

እርስዎም? ብላ በንዴት ቀና ስትል፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ጥለው፣ የችካሉን ጫፍ ከወዲያ በኩል ይዘውላት ነበር።