ያልታሰረችው መሪ ግመል

መኪና በአካባቢው ገና ባልታየበት ዘመን፣ ከሱዳን ጨውና አቡጀዲ የጫነ የግመል ቅፍለት ኩርሙክ ሲደርስ ጭነት አራጋፊው ሙርሳል ከሁሉ ቀድሞ ይጠራ ነበር። ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ግን እንዴት ያለ ጥበብ አለበት! መጀመሪያ ግመሉ ይንበረከካል። ቀጥሎ የታጠፉት የፊት እግሮቹ ጉልበታቸው ላይ በገመድ ይታሰራሉ። አራጋፊው ኮርቻው ላይ ወጥቶ የላይኛውን ጥቅል የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ገመዱ ለምን አስፈለገ? ግመል ሲነሣ የኋላ እግሮቹን ስለሚያስቀድም፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሰው በአፍጢሙ ይደፋዋል።

አንዲት ግመል ብቻ አትታሰርም፤ መሪዋ። ቃጭሏን እያሰማች ቅፍለቱን በደህና ያደረሰችን እንስሳ እንደ ሌባ ማሰር በነጋዴዎቹ ዘንድ ነውር ነው። ሙርሳል አንድ ቀን የወደቀው ከእሷ ላይ ነበር። እሱ ኮርቻዋ ላይ ሆኖ ቋጠሮ ሲፈታ፣ አንዱ ነጋዴ ጉዞ ሲያበቃ እንደሚደረገው ቃጭሏን ከአንገቷ አወለቀ። ድምፁን ስትሰማ ጉዞ የተጀመረ መስሏት ብድግ አለች። የሙርሳል ጭን ተሰበረ።

ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር አሰረው፤ ክረምቱ ሲያልፍ አጥንቱ ገጠመ። ልቡ ግን ፈርቶ ቀረ።

«ግመል ላይ መውጣት ካቃተህ ወደ መንጌ ሄደን ወርቅ እናጥባለን» አለችው ሚስቱ ብኸይታ። ሙርሳል ኩርሙክን መልቀቅ አልፈለገም።

ዝናቡ ሲያቆም ቅፍለቱ መጣ። ሙርሳል እያነከሰ ወደ ተንበረከከችው መሪ ሄደ። ገመድ ሲያነሣ የቅፍለቱ አለቃ ጀዕፈር ገመዱን ያዘበት።

«ያ ሙርሳል! እሷን? ከአንተ ይልቅ መንገድ የምታውቀዋን?»

«መንገዱንማ ታውቃለች፤ የረሳችው እኔን ነው።»

ሰው ሳቀ። ጀዕፈር ግን ገመዱን አልለቀቀም።

ሙርሳል ጥቂት አሰበና ነጩን ጥምጣሙን ከራሱ ላይ ፈታ። ለሁለት ሸንትሮ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቶቿን አሰረበት። ጥምጣም ክብር እንጂ የሌባ ማሰሪያ አይደለም፤ ጀዕፈር ገመዱን ለቀቀ።

«በቃ፣ ሸኽ ሆነች! ዱዓ ታድርግልህ» ሲል የሥራ ጓደኛው ጁምዓ አሾፈ።

«አንተ አሚን በል!»

ሙርሳል ኮርቻውን ጨበጠ። ወጣ። ከላይ ሆኖም ወደ ጀዕፈር ዞረና «አሁን ቃጭሏን አውልቅ» አለው።

ቃጭሉ ጮኸ። ግመሏ ለመነሣት ተወራጨች፤ ጥምጣሙ ተወጠረ፤ ተመልሳ ተኛች።

ሙርሳል የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታ።