የኮኳ ጾም

በሱዳን ሙቀት፣ ገዳሪፍ ላይ ኮክ ይበቅላል ያለኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር። ባለቤቴ ግን አበቀለች፤ ያውም በተከራየነው ግቢ፣ ፍየል እንዳይደርስባት ዙሪያዋን በእሾህ አጥራ።

ዘሩ የእናቷ ነው። በደርግ ጊዜ አገር ሲታመስ ሦስታችን ከጎንደር በእግር ስንወጣ፣ አማቴ ከጓሯቸው የለቀሙትን የኮክ ዘር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። መተማ ሳንደርስ በረሃው ላይ ውሃችን አለቀ። አማቴ "ውሃ፣ ውሃ" እንዳሉ እዚያው ቀሩ። ባለቤቴ ነጠላውን ይዛ ሱዳን ገባች። በቋጠሮው ውስጥ ከነበረው ዘር አንዷ ብቻ በቀለች።

እንግዲህ ያቺ ኮክ እንዴት እንደተቀማጠለች አይጠየቅ። ውሃ በአህያ ጋሪ እየመጣ በሚሸጥበት ከተማ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ስሸከም ውዬ ፊቴን የምታጠበው በስስት ነው፤ ለሷ ግን ጧት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ።

"እኔንም እንዲህ ብታጠጪኝ ፍሬ ባፈራሁ" እላታለሁ።

"አንተማ ብትጠጣም ያው ነህ" ትለኛለች።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ኮኳ ጣሪያውን በለጠች። ቅጠሏ ያለ ልክ ለመለመ፤ አበባ የሚባል ነገር ግን አልታየባትም።

አከራያችን፣ ሐጃ የምንላቸው ሱዳናዊት፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ ኮኳ የቆመችበት ቦታ ላይ ለእንግዶቻቸው የጥላ ዳስ ማቆም አማራቸው። "ሎሚ አይደለች፣ ዘይቱን አይደለች፤ ምን ልትሠራ ቆመች? ካላፈራች ከሚመጣው ዝናብ በፊት አስቆርጣታለሁ" አሉ። ባለቤቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ለኅዳር ሚካኤል አንድ የአገራችን ሽማግሌ ሊጠይቁን መጡ። ኸሽም ኤል ቂርባ በምትባል የሱዳን ከተማ፣ ከግድቡ በታች ባለ የፍራፍሬ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። ኮኳን ዞር ዞር ብለው አዩና ሳቁ።

"ልጄ፣ እንቅልፍ ነሳሻት እኮ!"

"ምን አደረግኋት፣ አባባ?"

"ኮክ የደጋ ልጅ ናት። በብርድ ወራት ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች፤ ስትነቃ ታብባለች። እዚህ ብርዱ ስስ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጧት ማታ እያጠጣሽ በምን ትተኛ? ውሃ ከልክያት። ቅጠሏን በእጅሽ አራግፊ። ነፋስ እንዲገባት መሃል መሃሏን መልምያት። እስከ ጥምቀት ጠብታ እንዳታቀምሻት።"

የባለቤቴ ፊት ጠቆረ። "አልችልም፤ ጥም ምን እንደሆነ አይቻለሁ" አለች።

ሽማግሌው የአማቴን ነገር ያውቁ ነበርና፣ "እንግዲያው ትጹም በያት። የነቢያት ጾም እየገባ አይደል? ጾም ሰው ገድሎ አያውቅም" አሏት።

በዚህ ተሸነፈች። እኔ ቅርንጫፉን መለመልኩ፤ እሷ ቅጠሉን ሸመጠጠች፣ ከንፈሯን እየመጠጠች፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያለች። ኮኳ ስትጾም እሷም ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ የማትቀምስ ሆነች። "ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይህን ያህል አላዘዘም" ብላት ማን ይስማኝ! ደግሞ አንዳንዴ የዕቃ እጣቢ ይዛ ወደ ኮኳ ስትሾልክ እይዛታለሁ።

"እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" ትላለች።

የዚያ ዓመት ብርድ የታዘዘ ይመስል ጠና። ጧት ጧት የሰሜኑ ነፋስ ሲነሳ የገዳሪፍ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገበያ ይወጣ ነበር። እኛ ጎንደሬዎቹ እንስቅባቸዋለን። ኮኳ እርቃኗን ቀረች፤ ላያት ሰው የደረቀች ትመስል ነበር። ሐጃም ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ገና ደረሰ። ከቅዳሴ እንደተመለስን ባለቤቴ የክት ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ አንድ ባልዲ ውሃ አንስታ ኮኳ ሥር ገለበጠችው።

"ምን ነካሽ! እስከ ጥምቀት ነው ያሉን!" ብዬ ጮህኩ።

"ጾም ተፈታ እኮ! በገና ቀን ማን ይጾማል?"

ልፋታችንን ሁሉ ገደል ከተተችው ብዬ ክፉኛ ተናደድኩ። በዓሉን በኩርፊያ ዋልኩ።

ጥር ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ ያዩት ሐጃ ናቸው። ጩኸታቸውን ሰምተን ስንወጣ፣ በዚያ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል። ባለቤቴ እንደ ልጅ ዘለለች። እኔም ተናድጄ የተናገርኩትን ሁሉ ዋጥኩ፤ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ሙቀቱ ሲመለስ ነፋሱ አበባውን አረገፈው፤ ሦስት ፍሬ ብቻ ተረፈ። አንዱን ወፍ ቀደመን። አንዱን ለሐጃ ሰጠናቸው። ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና "ያ ሁሉ ለዚህ ነው?" ብለው ሳቁ፤ ግን ቃላቸውን ጠብቀው ዳሳቸውን በወዲያ በኩል አቆሙ። የመጨረሻውን እኛ ተካፈልን። ጠንካራና ጎምዛዛ ነበር። ባለቤቴ እያለቀሰች በላችው። "ልክ እንደ እናቴ ጓሮ ኮክ ነው" አለች። ውሸቷን ነው፤ እኔም "ልክ ነሽ" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ኮኳ አፍርታ አታውቅም። ዘዴው ጠፍቶን አይደለም። በዓመቱ ኅዳር ሲገባ መቁረጫዬን ስዬ፣ "እንግዲህ ኮኳን እናስጹማት" ብያት ነበር። ባለቤቴ ጣሳዋን ሞልታ ከግንዱ ሥር ቁጭ ብላለች።

"እኔ እጾማለሁ" አለችኝ ውሃውን ቀስ እያለች እያፈሰሰች፤ "እናቴ ትጠጣ።"