ከኋላ የሚጎተት እግር

ሠርካለም ስትሮጥ ዞር ብላ አታይም። ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አቶ ይርጉ ዛሬ አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ይዋሉ እንጂ፣ በወጣትነታቸው አገር ቤት ለጦር ሠራዊት ክለብ ሮጠዋል። እዚያ ልምምዱ በሰልፍ ነበር፤ አንዱ ይመራል፣ የቀረው የፊተኛውን እግር እያየ፣ እሱ በረገጠበት እየረገጠ ጫካ ለጫካ ይከተላል። ዞር ማለት ነውር ነው፤ ከሰልፍ መውጣትማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ቀን ቀኝ እግራቸው ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ይጎትቱታል። ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አይሉም።

በፈረንጅ 1996፣ ሠርካለም ሃይስኩል ልትጨርስ ስትል ሁለት በር ተከፈተላት። ከሲያትል ወዲያ፣ ከተራሮቹ ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ ለዋናው ቡድኑ፣ ቫርሲቲ ለሚሉት፣ ፈለጋት፤ የትምህርት ወጪዋን ይችላል፣ እሷ ደግሞ ጠዋት ማታ የኮሌጁ አሠልጣኝ ያለቻትን ትሮጣለች። እዚሁ ሲያትል ብትማር ግን ተማሪዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ክለብ አለ፤ ያሰኘው ይመጣል፣ የደከመው ይቀራል። ሠርካለም ሩጫን ትወዳለች፤ የምትፈራውም ትእዛዝ ሆኖ እንዳያስጠላት ነው። አባቷ ግን ነገሩን ጨርሰውታል። ቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ሁሉ እጁን ጨብጠው «ልጄ ለኮሌጅ ልትሮጥ ነው» ብለዋል። እንኳን ሰው፣ ያቆሙት መኪናም ሳይሰማ አልቀረም።

የኮሌጁ አሠልጣኝ በደወለች ማግስት፣ ሠርካለም ሲዋርድ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ሐይቁን ይዛ ስትሮጥ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ጭጋጉ ዛፉን ውጦታል። አንዱ እርምጃ ጠንከር፣ ሌላው ጎተት ይላል። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስታዘግም ያዘግማል፤ ትንፋሽ ግን የለውም። በረገጠችበት እየረገጠ መሆኑ ገባት። ዞራ አላየችም። በሚቀጥሉት ቀናትም መጣ፤ በመጣ ቁጥር እየቀረበ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መኪና ውስጥ አነሣችው።

«አባዬ፣ ስሮጥ ትከተለኛለህ እንዴ?»

«በዚህ እግሬ?»

«ታዲያ ማነው? አንዱን እግር እንዳንተ ይጎትታል።»

አቶ ይርጉ መኪናውን ጥግ አስይዘው አቆሙ።

«ቀኙን ነው?»

«አዎ።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ያኔ እግሬ ደህና ነበር። ለአሠልጣኙ ብነግረው ‹ሰልፍህን ያዝ› አለኝ። ያዝኩ።»

«ከዚያስ?»

«ደረሰብኝ።»

ሠርካለም እንባዋ መጣ። «እኔ ምን ላድርግ? ለሰው ሁሉ ተናግረሃል እኮ።»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ የምትሮጪው አንቺ። የሰውን ነገር ለኔ ተዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ኮቴው ተረከዟ ሥር ደረሰ። ፈርታለች፤ ቢሆንም አልሸሸችም። ከመንገዱ ወረደችና ዛፍ ተደግፋ ቆመች። ኮቴው አጠገቧ ደረሰ፣ የረጠበው ቅጠል ጎድጎድ አለ፣ ማንም ሳይታይ አልፏት ወደ ጭጋጉ ገባ።

ቤት እንደገባች ለኮሌጁ አሠልጣኝ ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻት። ሲያትል ቀርታ ክለቡ ውስጥ ትሮጣለች።

አባቷ ከሥራ ሲመለሱ «አባዬ፣ መንገድ ለቀቅኩለት፤ ዝም ብሎ አለፈኝ» አለቻቸው።

አቶ ይርጉ ቀኝ ጉልበታቸውን አሻሹ።

«እንደዚያም ይቻል ነበር?» አሉ።