ከስንዴ በፊት የተፈጨ ጤፍ

መቀሌ፣ ሮማናት አካባቢ ባለ አንድ ፒዛ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሊጥ ስዳምጥ ኖርኩ። ከደብረ ብርሃን መቀሌ የመጣሁት ለሦስት ወር ሥራ ነበር፤ እዚያው አጠገብ ያለችው የቁሓ ከተማ ልጅ አግብቼ ቀረሁ። ኋላ ሰውነቴ እየመነመነ፣ ሆዴ እየተነፋ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እየከዳኝ መጣ።

ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «ስንዴና ገብስ አንጀትህን እየጎዱት ነው። ከእንግዲህ ጨርሶ አትቀምስም» አለኝ። ቀጥሎ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ የማስበው ወደ ሰፈሬ ወደ ሓድነት የሚሄድ ታክሲ ቶሎ አገኝ እንደሆነ ነበር።

አሠሪዬ ከፎርኖው ምድጃ አንሥቶ የስልክ ትእዛዝ መቀበያው ጋ አስቀመጠኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ሌላ ሰው ሊጥ ሲያሽከረክር አያለሁ። ሰው ሁሉ ሐዘኔን ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሚስቴ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ።

አማቴ እሑድ እሑድ ከቁሓ ሲመጡ የስንዴ ሕምባሻ ይዘው ነው። አልነካውም። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ሚስቴም እኔው እስክናገር ብላ አልነገረቻቸውም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ «ባልሽ እጄን ተጸየፈው» ሲሏት ሰማሁ። ተነሥቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቴ የጤፍ ዱቄት፣ ተልባና ፎርማጆ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ «ለሰው ስትጋግር ኖረሃል፤ ዛሬ ለራስህ ጋግር» አለችኝ። እምቢ ማለትም አቅም ይጠይቃልና ተነሣሁ። ሊጡን እንደ ልማዴ በሁለት እጄ ላነሣው ስል ተበጥሶ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አለ። እሷ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። እጄን ውኃ እየነከርኩ ትሪው ላይ ጠፈጠፍኩት። የቲማቲም ሱጎና ፎርማጆ አድርገንበት፣ ጋግረን በላን። ማታውኑ ሆዴን ቆርጦ ያዘኝ።

«ጤፍ ብቻ ነው እኮ!» አለች ሚስቴ። «ስንዴው ከየት መጣ?»

በማግስቱ አማቴ አልጋ ላይ አገኙኝ። ልጃቸው ሁሉንም በትግርኛ ነገረቻቸው። ሕምባሻውን መልሰው በጨርቅ ጠቀለሉትና አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት፣ አደይ?» እናቴ ማለት ነው፤ ልጃቸው እንደምትጠራቸው እጠራቸዋለሁ።

«ታምሜያለሁ ብለህ ነዋ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጤፉን የት አስፈጨሽው?»

«እዚሁ ሰፈር።»

«እዚያ ወፍጮ ላይ ስንዴም ይፈጫል አይደል?»

እኔና ሚስቴ ተያየን። እኔ ዕድሜዬን በዱቄት መሐል የኖርኩት ሰው ይህን አላሰብኩትም።

በሚቀጥለው እሑድ አማቴ አንድ ላስቲክ ዱቄት ይዘው መጡ። ጤፉን ራሳቸው ለቅመው፣ ቁሓ ያለ ወፍጮ ቤት ገና ሲከፈት ደርሰው፣ መጀመሪያ ማሽላ አስፈጭተው የትናንቱን ስንዴ ካስጠረጉ በኋላ ነበር ያስፈጩት።

«ባለወፍጮው ምን አለሽ?» አለቻቸው ልጃቸው።

«ምን ይላል፤ ልጄ ታሟል አልኩት።»

እጄን ታጥቤ ተልባውን በውኃ መምታት ጀመርኩ። እንደ ሙጫ ሲሆን ከዱቄቱና ከእርሾው ጋር አቦካሁት። እስኪነሣ ጠብቄ፣ በደንብ የታጠበ ትሪ ላይ አፈሰስኩት።

«አትዳምጠውም?» አሉ አማቴ።

«አይዳመጥም፣ አደይ። ስንዴው ነበር የሚስበው።»

መጀመሪያ ቂጣውን ብቻ አበሰልኩት፤ ከዚያ ሱጎውንና ፎርማጆውን አድርጌ ወደ ምድጃው መለስኩት። ጠርዙ ተሰነጠቀ እንጂ መሐሉ ያዘ። አማቴ አንዴ ገምጠው «በርበሬ የለውም እንዴ?» አሉና ድልህ ቀቡበት።

ሰኞ ሕመሙን ጠበቅኩ። ማክሰኞም። ረቡዕ ጠዋት ሚስቴ ስትጠይቀኝ «የለም» አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬም ስልኩ ጋ ነኝ። እሑድ እሑድ እጋግራለሁ፤ አማቴ ዱቄቱን ያመጣሉ። ፊትህ ተመለሰ ይሉኛል። ደስታው ገና አልመጣም። ረኃብ ግን ጀምሮኛል፤ ባለፈው እሑድ ሦስተኛውን ቁራጭ ማንም «ብላ» ሳይለኝ አነሣሁ።