የሐጂው ስድስት ክንድ ተኩል

አሰበ ተፈሪ ላይ ኳስ መሬት ብታስቀምጥ አትቆምም። ከተማው ተዳፋት ላይ ስለተቆረቆረ ቅርጫት ኳስ ለመለማመድ አንድ ትርፍ ሰው ያስፈልገን ነበር፤ እኛ እንጫወታለን፣ እሱ ከታች ቆሞ ያመለጠችውን ይመልሳል። በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው። ሐረር ማሠልጠኛ ሳለሁ ጨዋታውን አንድ ዓመት ተምሬ ስለነበር፣ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ አንዲት ኳስ ይዤ ሄድኩ። አራት ሰዎችም አገኘሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የክሊኒክ ድሬሰርና የስልክ ሠራተኛ። ያጣነው ሜዳ ነበር።

ያኔ ገና ጋዜጠኛ አልሆንኩም፤ የመመዝገብ ልማድ ግን ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ በሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ላይ እየተሳፈርን በየከተማው ሜዳ ፈለግን። ፈተናዬ አንድ ነበር። ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጬ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፤ ከቆመች ከደረቴ ከፍታ እለቃታለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መሰላ ላይ አንድ ገበሬ አውድማውን ፈቀደልን። በእበት የተለቀለቀ፣ የተስተካከለ አውድማ ነው። ኳሷ ቆመች። ስለቃት ግን ዱብ ብላ እዚያው ቀረች። ገበሬው ጎንበስ ብሎ አያትና፣ "ሞተች እንዴ?" አለን። አሰቦት ወረድን። ከገዳሙ ተራራ ግርጌ ያለው ሜዳ ዓይን እስከሚደርስ ለጥ ያለ ነው። ኳሷ ሁለቴ ነጠረች፣ በሦስተኛው እሾህ ወጋት። ወደ ገዳሙ የሚወጡ ተሳላሚዎች ቆመው እያዩ ድሬሰሩ ቁስሏን በፕላስተር አሸገ። ሚኤሶ ጣቢያ ያለው ሲሚንቶ ጥሩ ነበር፤ ግን ባቡር ይመጣበታል።

በደሳ ከተማ የገባነው በሚያዝያ ነው። ከገበያው ጀርባ በሩ የተከፈተ የግንብ አጥር አየንና ብቅ አልን። የቡና ማስጫ ነበር። የዓመቱ ቡና ተሸጦ ስላለቀ ከዳር እስከ ዳር ባዶውን ተዘርግቷል፤ ግራጫ ሲሚንቶ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለው። በዚያ አገር ሁሉ ነገር ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ገበሬው እርሻውን የሚይዘው በእርከን ነው። የሰው እጅ ያንን የሚያህል ልሙጥ ነገር ሠርቶ ሳይ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ለምን እንዳወለቅኩ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። አራቱም ሳይጠይቁኝ አወለቁ።

ኳሷን አስቀምጬ ቆጠርኩ። አስራ ስምንት ላይ ስደርስ በጣም በዝግታ ዳር ወዳለው ቦይ ተንከባለለች። የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ሲሚንቶው አንድ ጣት ያህል ዘንበል መደረጉን የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ለቀቅኳት። ድምፅዋ ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ፤ እሷም ተመለሰች። ወደዚያ አገር ከሄድኩ ወዲህ ጎንበስ ሳልል እጄ ድረስ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

"እስቲ ድገመው" አለ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ በሹክሹክታ።

ስደግመው ሽርጥ ያገለደሙ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። የማስጫው ባለቤት፣ ቡና ነጋዴ ሐጂ ናቸው።

"ምን ሆናችሁ ጫማ አወለቃችሁ? መስጊድ መሰላችሁ?"

"ይቅርታ ያድርጉልን ሐጂ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ንጹሕ ስለሆነ እንዳናቆሽሸው ብለን።"

"ንጹሕ ነው፣ ዋላሂ! እኔ ቡናዬን ከአፈር ጋር አላደባልቅም።" ኳሷን ተቀብለው አንዴ ጣሏት። ተመልሳ ስትመጣ ያዟትና ሳቁ። "ታማኝ ናት።"

የምንፈልገውን ነገርኳቸው፤ ከማስጫው ወዲህና ወዲያ የሚቆሙ ሁለት ምሰሶዎች፣ በላያቸው ቅርጫት።

"ስማ መምህር። ቡና እስኪገባ ድረስ ተጫወቱ፣ ምሰሶም ትከሉ። ግን ቡናው የሚገባው ከወዲህና ከወዲያ ባሉት በሮች ነው፤ ግመልና መኪና መንገድ ይፈልጋል። እስከ ጥቅምት ለዚህ ነገር ብሎ ከሌላ አገር እንግዳ ከመጣ አይነቀልም። እንግዳ ካልመጣበት ማገዶ ነው።"

የባሕር ዛፍ ግንድ አስመጡልን። ከመሬት በላይ ስንት ይሁን ሲሉኝ ስድስት ክንድ ተኩል አልኩ። ማሠልጠኛ ሳለሁ የቅርጫቱን ከፍታ ግድግዳው ላይ መሰላል አቁሜ፣ በራሴ ክንድ ለክቼ የመዘገብኩት ነው። በዚያ ገበያ ያኔ ጨርቅም የሚለካው በክንድ ነበር። ገዢው ረጅም ክንድ ያለውን ዘመዱን ይዞ ይመጣል፤ ሻጩ በበኩሉ አጭር ክንድ ያለውን ይጠራል፤ ክርክሩ የገበያው ግማሽ ጨዋታ ነው። እኔ ክርኔን ግንዱ ላይ ሳሳርፍ ሐጂው እጄን ያዙ።

"ተው! እኔ የምሰጠው ነገር በአጭር ክንድ ተለካ ቢባል የት እገባለሁ?" ወደ መጋዘናቸው ዞረው በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ። "ኮቱ! ና እዚህ!"

የመጣው የግመል ጫኛቸው ነው። የመጋዘኑን በር ያለፈው ጎንበስ ብሎ ነው።

"የሱን ክንድ ያዩ ጨርቅ ነጋዴዎች ሱቅ ይዘጋሉ" አሉኝ ሐጂው።

"አጋነኑት ሐጂ" አለ ጫኙ። "የዘጋው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ አሞናል ብለው ተኙ።"

እየሳቀ ክርኑን አሳረፈ፤ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ግማሽ። እኔም ቆሜ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ልክ ስለነበር ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ሙያዬ በኋላ ያስተማረኝን ጥያቄ፣ "በማን መለኪያ?" የሚለውን፣ ያኔ አላውቀውም ነበር። ቀለበቶቹን ከአርማታ ብረት አሠርተን ከኋላቸው የጣውላ ሰሌዳ መታን፤ መረቡን ጫኙ ከቃጫ ገመድ ሠራው።

መጀመሪያ ላይ የምንወረውረው ሁሉ ከቀለበቱ በታች ቀረ። እጃችን ሰንፏል ብዬ ደመደምኩ። በሰኔ ከጉልበታችን ተነስተን ወደ ሰማይ መላክ ለመድን፤ ክረምቱ ሲወጣ ከአስሩ አራት ይገባልን ነበር። የስልክ ሠራተኛው ድሬዳዋ የሚያውቃቸው ተጫዋቾች ነበሩት። ደውሎ፣ ለምኖ፣ እሺ አሰኛቸው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ በባቡር ሚኤሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና በደሳ ገቡ።

ሐጂው ሁለት ፍየል አሳርደው ጠበቁ፤ አንዱን ክርስቲያን፣ አንዱን ሙስሊም ባርኮ አረደው። ገበያተኛው ግንቡ ላይ ተሰቅሏል። ጨዋታው ተጀመረ፣ እንግዶቹም ወረወሩ። አጠረ። ደግመው ወረወሩ። አጠረ።

"ድሬዎች ቁርስ አልበሉም!"

"እጃቸውን ሙቀቱ አቅልጦታል!"

በእረፍት ሰዓት አስራ አራት ለሁለት እንመራ ነበር። የእንግዶቹ አምበል ብረት ሠራተኛ ነው፤ አልተከራከረም። መሰላል ጠየቀ፣ ከኪሱ የብረት ሜትር አወጣ፣ ወጥቶ ለካ።

"ሦስት ሜትር ከሠላሳ ስምንት" አለ። "ሕጉ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ብቻ ነው።"

ሐጂው ወደ እኔ ዞሩ። "በክንድ ንገረኝ።"

"ስድስት ክንድ ተኩል መሆን የነበረበት በእኔ ክንድ ነው ሐጂ። በረጅሙ ክንድ ሲለካ ቆሜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እንግዳዬን በልኬት ጎዳሁት ማለት ነው?"

ሐጂው ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ አዩትና ለጫኙ፣ "ንቀለው" አሉት። በቃ፣ አለቀ አልኩ በልቤ።

አምበሉ ፈጠን ብሎ፣ "መንቀል አያስፈልግም አባቴ፤ አናቱን ቆርጠን ቅርጫቱን ዝቅ ማድረግ ነው" አላቸው።

"የሰጠሁትን በመጋዝ አልቀንስም" አሉ ሐጂው። "ጉድጓዱ ይጥለቅ። ትርፉን መሬት ይዋጠው።"

እንግዶቹ ምሳ ሲበሉ ጫኙና እኛ አምስታችን ዶማ ይዘን ወረድን። አምበሉ ጉርሻውን ሳይጨርስ ሜትሩን ይዞ መጣና በየጊዜው ለካልን። ሁለቱን ምሰሶዎች አጥልቀን በድንጋይ ጠቀጠቅናቸው። ሐጂው ነጥቡ ከዜሮ ይጀመር አሉ፤ ማንም አልተቃወመም።

ሁለተኛው ጨዋታ አርባ ለስድስት ነው ያለቀው፤ አርባው የእንግዶቹ። እኛ የወረወርነው ሁሉ ከሰሌዳው በላይ አለፈ፤ አንዷ ከግንቡ ተሻግራ ድንች ሻጮች መሃል ወደቀች።

"መምህር! እግዜርን ነው የምትመታው?" ብሎ ጮኸ አንዱ።

ከዚያ አምበሉ ከሩቅ፣ ከማስጫው መሃል ግድም ቆመ። አልዘለለም። እጁን ብቻ ዘረጋ። ኳሷ ስትሄድ አየኋት፤ ቀለበቱን ሳትነካ ገባች፤ የቃጫው መረብ ብቻ ሸሽ አለ። ብዙ ጨዋታ ዘግቤያለሁ፤ ሰው ሁሉ በአንዴ ትንፋሹን ሲውጥ እንደዚያ ቀን አልሰማሁም። እኔ ተጋጣሚ መሆኔን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

"ይሄ ነው እንዴ?" አሉኝ ሐጂው ከዳር ሆነው።

"ይሄ ነው ሐጂ።"

በማግስቱ ጠዋት፣ እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ፣ ከመጋዘናቸው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አስወጥተው በሁለቱ ጉድጓዶች ዙሪያ አስፈሰሱ። ጫኙ በመዳፉ እያለሰለሰ፣ "እንግዲህ የሚነቅለው ካለ መሬቱን ይዞ ይሂድ" አለ።

በጥቅምት ቡናው ገባ። እኔ ያን ቀን በደሳ የሄድኩት ለመጫወት አልነበረም፤ ለማየት ነው። ቀዩ እሸት ቡና ማስጫውን ሸፍኖ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ምሰሶው ሥር ድረስ ተዘርግቷል። ግመሎቹ በሩ ጋ ሲደርሱ መንገዱ በምሰሶው ለሁለት ይከፈላል፤ ጫኙ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያሳልፋል። ሐጂው ዱላቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ቀስ በል እንጂ አንተ! ጭነትህ ግንዱን ይልጠዋል!"